ዳልቻውን ትራክተር ለምን እንደመረጥኩ

ይድረስ ለልጄ ለገዳሙ ፈንታ፤ መተማ።

ልጄ ገዳሙ፣ እንደምን ከርመሃል? ሰውነትህ እንዴት ነው? ያ የቆላ ወባ ዘንድሮስ ተወህ ወይስ አሁንም እየተመላለሰ ያንቀጠቅጥሃል? ወገብህንስ እንዴት ያደርግሃል? ቀኑን ሙሉ ብረት ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው ወገቡ እንደሚጎዳ ሰምቻለሁ። ሚስትህ ሕሊና እንዴት ናት? ልጅህ እስከዳር አፏን ፈታች? ጾሙንስ በዚያ ሙቀት እንዴት እየገፋችሁት ነው? እኛ አለን። እናትህ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ደህና ነው። እህትህ የብርጓል ደህና ናት። እኔም ከቀኝ ትከሻዬ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ጎረቤቱም፣ ከብቱም፣ ውሻው ሳይቀር ሁሉም በየቦታው አለ።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ ትለኝ ይሆናል። ስልክ ላይ ታቋርጠኛለህ። እኔ አንድ ነገር ስጀምር አንተ «አባባ ገባኝ፣ ገባኝ» ትላለህ፣ ሳይገባህ መስመሩ ይቆረጣል። ወረቀት ግን አያቋርጥም። እኔ እናገራለሁ፣ የብርጓል ትጽፋለች፣ ሹፌሩ ገብረ ኪዳን ሰሊጥ ሊጭን ወደ መተማ ሲወርድ ያደርስልሃል፣ አንተም እስከ መጨረሻው ዝም ብለህ ታነበዋለህ። የብርጓልን ከአፌ የወጣውን ብቻ እንድትጽፍ፣ ከራሷ እንዳትጨምር፣ ያፈረችበትንም እንዳትዘል አስጠንቅቄያታለሁ። ለምን እንደምታፍር ኋላ ታየዋለህ።

ነገሩ የትራክተሩ ነገር ነው። ቦራው በሬ ኅዳር ላይ እንደሞተብን ታውቃለህ። ጎሹ ብቻውን ቀረ። አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ያቀናጃል፣ ተራ በተራ ያርሳል፤ እኔም ከአበረ በሬ ጋር ላቀናጅ አስቤ ነበር። በሬው ተገኘ እንበል፤ እርፉን የሚይዘው ማን ነው? ትከሻዬ አምና ከወደቅሁ ወዲህ አይታዘዘኝም። እጄን ከደረቴ በላይ ሳነሳ አጥንቱ ይንቋቋል። ይህን እንድታዝንልኝ አልነገርኩህም፣ ሒሳቡ እንዲገባህ ነው።

ይህን ያየ አበረ አንድ ቀን ማታ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለና «አያ ፈንታ፣ መሬቱን እኔ በእኩል ልረሰው፤ እርስዎ ይረፉ» አለኝ። አበረ ክፉ ሰው አይደለም፤ አጥራችን አንድ ነው፣ በአገሩ እንደሱ ፈር የሚያቀና አራሽ የለም። ነገር ግን በእኩል ከሰጠሁ ወደ ጎተራዬ የሚገባው ግማሽ ነው። አንድ ዓመት ያረሰ ሰው ደግሞ በሁለተኛው ዓመት ሳይጠይቅ ይገባል፣ በሦስተኛው ዓመት ስትጠይቀው ይቀየማል። እህትህም ከባሏ ቤት ከተመለሰች ወዲህ የምታድረው በዚሁ መሬት ነው። እኔና እናትህ ለግማሽ እህል እንበቃለን፤ ገና ዕድሜ ያላት ሰው ግን በግማሽ ጎተራ አትኖርም። እንግዲህ ግንቦት ሳይገባ መሬቱን የሚያርስ ካላገኘሁ ለአበረ መስጠቴ ነበር። ጭንቀቱ ይኸው ነው፣ ሌላ የለም።

አንተ ደግሞ ለገና ደውለህ «አባባ፣ ምንም እንዳትገዛ። እኔ የምነዳውን ዓይነት ካልሆነ ሌላው መጫወቻ ነው። ገንዘብ አጠራቅሜ እሱን ይዤ እመጣለሁ፣ ጠብቀኝ» አልከኝ። ይህን ስትለኝ የዘንድሮው የመጀመሪያው አይደለም። ጠበቅሁህ። ጥርም አለቀ። አንተ የምትነዳውን ብረት ሰዎች በስልካቸው አሳይተውኛል፤ ጎማው ከሰው ይበልጣል፣ ግሩም ነገር ነው። ለሰሊጥ ሜዳ ነው የተሠራው። አንተ ግን ቆላ ስትከርም የአባትህን መሬት ረስተኸዋል መሰለኝ፤ ላስታውስህ።

የጓሮው ማሳ ከቤቱ እስከ ጽድ አጥሩ ነው፤ አንተ የምትነዳው እዚያ ገብቶ ፊቱን ላዙር ቢል ግማሹ ቤቴ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ማሳ ወንዝ ማዶ ነው፤ መሻገሪያው ላይ የተጋደሙት ግንዶች በሬና አህያ እንጂ ሌላ አያሳልፉም። ሦስተኛው ላይኛው ተዳፋት ነው፣ እርከኑን ድንጋይ በድንጋይ የካብኩት እኔ ነኝ፤ ከእርከን እስከ እርከን ያለውን ስፋት ታውቀዋለህ፣ ጥንድ በሬ እንኳ ሲመለስ አንዱ እግሩን ካቡ ላይ ያሳርፋል። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በቤተ ክርስቲያኑ ግንብና በአበረ ቁልቋል መካከል ነው። ዱላዬን ይዤ ይህን ሁሉ ዞሬ ለካሁት። አበረ አይቶኝ «አያ ፈንታ፣ መንገዱን ሊሸጡት ነው?» አለኝ። «አይ፣ ሙሽራ ላሳልፍበት ነው» አልኩት።

የካቲት ሲገባ የብርጓልን አስከትዬ ከሉማሜ በአውቶቡስ ማርቆስ ወጣሁ። የመሸጫው ግቢ ብረት በብረት ነው። ስማቸው ግንባራቸው ላይ ተጽፏል፤ እህትህ አንድ በአንድ አነበበችልኝ፣ አንዱም ምላሴ ላይ አልቆይ አለ። እኔ ደግሞ ስሙን የማልጠራውን ነገር ቤቴ አላስገባም። ስለዚህ እንደ በሬ በመልካቸው ጠራኋቸው። ሻጩ ወጣት ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው። ዋጋውን ከመናገሩ በፊት «አባቴ፣ መጀመሪያ ምን እንደሚያሠሩት ይንገሩኝ፤ የትኛው እንደሚሆን ከዚያ እንነጋገራለን» አለኝ። ነጋዴ እንዲህ ሲል አልሰማሁም ነበርና ወደድኩት።

ነገርኩት። አንደኛ የጤፍና የስንዴ መሬት ያርስልኛል። ሁለተኛ እህሉን ወደ ሉማሜ ገበያ ይጭንልኛል፣ ፍግና ድንጋይም ይጎትታል። ሦስተኛ በበጋ ከወንዙ ውሃ ስቦ ድንችና ሽንኩርቱን ያጠጣልኛል። ከዚህ ሌላ ደግሞ ግንዱን ይሻገራል፣ በቁልቋሉ መካከል ያልፋል፣ እርከን ላይ ይዞራል፣ ሲታመምም ሐኪሙ ቅርብ መሆን አለበት። ሻጩ ሁሉንም ሰማና ትልልቆቹን አልፎ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

ሦስት ትንንሾች ነበሩ። አንዱ ቀይ ነው፤ አራት ጎማ፣ መቀመጫና መሪ አለው። ወጥቼ ተቀመጥኩበት። ልጄ፣ አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ላይ ሆነህ ስታይ አገሩ ሁሉ ያንተ ይመስላል። የብርጓል በስልኳ ፎቶ አነሳችኝ፤ ወደ ገብረ ኪዳን ስልክ ልካዋለች፣ ያሳይህ። ስወርድ ግን ዱላዬን ከጎማ እስከ ጎማ አጋደምኩት። ወንዙን አይሻገርም። ለማሳለፍ ድልድይ መሥራት ሊኖርብኝ ነው፤ ለአንድ ትራክተር ብዬ ወንዝ አልገነባም። ሌሎቹ ሁለቱ ባለ ሁለት ጎማ ናቸው፣ ከኋላቸው እየሄድክ በሁለት ረጃጅም እጀታ የምትነዳቸው። አንዱ ሰማያዊ፣ ወፍራም፣ አዲስ ቀለም የሚያብረቀርቅ፤ ሌላው ዳልቻ፣ ቀጭን፣ መልኩ ምንም የማያምር። አንተ መጫወቻ የምትላቸው እነዚህን ነው።

እኔ ዓይኔ ሰማያዊው ላይ አረፈ። በሬ ስገዛ የኋላውን ክብደትና የሰኮናውን ስፋት ነው የማየው፤ ሰማያዊው በሁለቱም ይበልጣል። ልገዛው ስል ራሴን «ቆሞ ያለ በሬ መቼ ገዝተህ ታውቃለህ?» አልኩት። ሻጩን «ሲሄድ ካላየሁ አልገዛም» አልኩት። እሱም «በሚቀጥለው ሳምንት ሁለቱንም ለማሳየት ወደ ሉማሜ እናመጣለን፤ እርስዎ መሬት ላይ እንሞክራቸው» አለ። ቃሉንም አከበረ።

ከሱ በፊት ግን አንድ ነገር አደረግሁ። ሉማሜ የወፍጮ ሞተር የሚጠግነውን ሰው ታስታውሰዋለህ፣ እጁ ሁልጊዜ ጥቁር የሆነውን። ሁለቱ ብረቶች ከመኪና ሲወርዱ እሱን ጠርቼ አሳየሁት። ሁለቱንም አስነስቶ ሰማቸው። «ሰማያዊው ጥሩ ነው፣ ግን ዕቃ ቢጎድለው ከአዲስ አበባ ካልመጣ እኔ የምሰጥህ የለኝም። ዳልቻው ልቡ ከወፍጮዬ ሞተር ጋር አንድ ነው፤ ፒስተኑም ቀለበቱም እዚሁ ገበያ አለ፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እፈታዋለሁ» አለኝ። እንግዲህ ዳልቻው በዚህ አንድ አገኘ። እኔ ግን ልቤ አሁንም ሰማያዊው ላይ ነበር።

የሙከራው ቀን መንደሩ ሁሉ ወደ ላይኛው ተዳፋት ወጣ። ዝናብ ጣል አድርጎ ስለነበር ጥቁሩ ዋልካ አፈር ላላ ብሏል። የኔ ሐሳብ ብረቱን ገዝቼ አበረን በሥራው ዋጋ ማሠራት ነበር፤ መሬቱን ለእኩል ከምሰጠው እጁን ብከፍል ይሻላል። ስለዚህ እጀታውን መጀመሪያ የያዘው አበረ ነው። ከሻጩ ጋር የመጣው ባለሙያ «በሁለት እጅ ያዙት፤ ወደ ግራ ስትሉ የግራውን ጨብጡ፣ ወደ ቀኝ ስትሉ የቀኙን» ብሎ አሳየው። አበረ «ገባኝ፣ ገባኝ» አለ፤ ልክ እንዳንተ።

ብረቱ ተነሳ። አበረ በግራ እጁ ጨበጠና ቀኝ እጁን ወደ ላይ ሰቀለው። ጅራፍ የለበትም፤ ባዶ እጅ ነው የሰቀለው። ዕድሜውን ሙሉ በአንድ እጅ እርፍ፣ በአንድ እጅ ጅራፍ ይዞ የኖረ ሰው ነውና እጁ ራሱ ሄደ። ሰማያዊው በአንድ ወገን ብቻ ሲያዝ ዞረና ወደ መጣበት ተመለሰ፤ አበረም አብሮ ዞረ። ባለሙያው «ሁለት እጅ፣ ሁለት እጅ» እያለ ይሮጣል፣ አበረ ደግሞ «ሂድ፣ ቀጥ በል» እያለ ብረቱን ይቆጣል። በመጨረሻ ከካቡ ጋር ተላተሙ፣ የካብኩት ድንጋይም ፈረሰ። ሌሎቹም ሞከሩ። ሁሉም ጥሩ አራሾች ናቸው፤ ሁሉም ሁለት ሦስት እርምጃ በሁለት እጅ ይሄዱና ወዲያው አንድ እጃቸው ይነሳል። ደክመው ሲመጡ ደግሞ ከበሬ ይልቅ ይህ ይከብዳል ይላሉ። ይከብዳል እንጂ፣ ሲታገሉት።

እኔም ሞከርኩ። የሚታዘዘኝ ግራ እጄ ብቻ ስለሆነ ከነሱ የተሻልኩ አልነበርኩም። ወደቀ ብለው ቢነግሩህ አትመን። ተቀመጥኩ እንጂ አልወደቅሁም።

እዚያው እንደተቀመጥኩ ልቤ ቀዘቀዘ። የሚይዘው ሰው ከሌለ ብረቱ ምን ያደርግልኛል? ባለሙያውም ልጅ ሰለቸው መሰለኝ፣ ወደ ሌላ ቀበሌ ሊሄድ ማሸግ ጀመረ። ይኸኔ የብርጓል መጣችና ባለሙያውን «እኔ ልያዘው?» አለችው። ይህን አልጽፍም ብላ እስክሪብቶውን አስቀምጣ ነበር፤ ጻፊ ብዬ አዝዣት ነው የምትጽፈው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሴት እርፍ ስትይዝ በአገራችን ማን አይቷል? አንተም ትንሽ ሆና ያንተን እርፍ ስለነካች በጅራፍ እጀታ የመታሃት ልጅ ናት፤ እኔም ያን ጊዜ ደግ አደረግህ ብዬሃለሁ።

ሰማያዊውን ያዘች። ጎተታት። ሁለት እጇን አልለቀቀችም፣ ግን ክብደቱ ከእሷ በለጠ፤ እርከኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ልታዞረው ቦታ አጣች። ከዚያ ዳልቻውን ያዘች። በሁለት እጇ፣ ወፍጮ እንደምትፈጭ ሴት ጎንበስ ብላ፣ ሳትታገለው። ቀጥ ብሎ ሄደ። ጫፍ ሲደርስ የግራውን ጨበጠች፣ ዞረ፣ ካቡን ሳይነካ ተመለሰ። እጇ ጅራፍ ይዞ አያውቅምና አልተነሳም። እርፍ ስለከለከልናት የሚረሳ ልማድ አልነበራትም። ይህን ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ ሌላው ሰው ገና ይስቅ ነበር።

አበረ «በሉ እንግዲህ፣ እኔም ከዛሬ ጀምሮ ሽሮ ልሥራ» አለ። የብርጓል ከብረቱ ኋላ ሆና፣ ዞር ሳትል፣ «ጨው እንዳታበዛበት» አለችው። ከዚያ ወዲያ ሳቁ ወደ አበረ ዞረ። እሱም ሳቀ፤ ነግሬሃለሁ፣ ክፉ ሰው አይደለም።

ሻጩን በዚያው ቀን ዳልቻውን አልኩት። ሰማያዊውን አላንቋሽሽም፣ ጉልበተኛ ነው። በደብረ ኤልያስ በኩል ሜዳ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ እሱን ግዛ እለዋለሁ። ቀዩንም ቢሆን መንገድ የደረሰለት ሰው ቢገዛው አይቆጭም። ለኔ እርከን፣ ለኔ ግንድ መሻገሪያ፣ ለሉማሜ ጠጋኝና ለእህትህ ክንድ ግን የሚሆነው ዳልቻው ነው። ወንዙን ሲሻገር ማረሻውን ፈትተን ለብቻ እንሸከማለን፣ እሱ በግንዱ ላይ በቀስታ ያልፋል። ተሳቢ ጋሪ አለው፤ ባለፈው ገበያ የስንዴውን ጆንያ እሱ ነው የወሰደው። የውሃ መሳቢያውም በቀበቶ ይገጠምለታል። የምርት ስሙን ጠይቀኸኝ ነበር፤ ግንባሩ ላይ አለ፣ መጥተህ አንብበው። ዋጋው ከታችኛው ባሕር ዛፍ ሽያጭ ወጥቷል። ያንተን ገንዘብ አልነካሁም፣ ለልጅህ አድርገው።

አንድ ጉድለት አለበት፤ የሚነሳው በማኖቬላ፣ በእጅ በሚዞር ቆልማማ ብረት ነው። እናትህ ይህን ስታይ «ልጄን ክንዷን ልትሰብራት ነው፤ ደግሞስ የመንደር መሳቂያ ልታደርጋት ነው» ብላ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። እኔም ያረፍኩበት ሁለት ቀን ነው። ኋላ የወፍጮው ሰው መጥቶ አያያዙን አሳያት፤ መጀመሪያ ትንፋሹን የምታስለቅቅበት ቁልፍ አለ፣ ከዚያ አዙረህ ትለቀዋለህ። አሁን የብርጓል በአንድ ዙር ታስነሳዋለች። እናትህም ድምፁን ስትሰማ ወጥታ ታያለች፤ ለማየት አይደለም፣ ዶሮ ልጠራ ነው ትላለች።

የሰው አፍ አልቀረም። ሴት ካረሰች በረዶ ይወርዳል ያሉ አሉ። ስለዚህ ወደ ንስሐ አባታችን ወደ ቄስ ወልደ ሚካኤል ሄድኩና ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው። «ፈንታ፣ እኔ የምጠይቅህ በየትኛው ቀን እንዳረስክ ነው። በቀኑ ከሆነ የያዘው ሰው ቀሚስ ይልበስ ሱሪ ይልበስ የኔ ጉዳይ አይደለም። በሚካኤል ቀን ያን ድምፅ እንዳልሰማ ብቻ» አሉኝ። አልሰሙም፤ አይሰሙምም። አንተ በስልክ ትራክተር በየቀኑ ካልሠራ ዋጋውን አያወጣም ብለኸኝ ነበር። እዚያ እውነት ይሆናል። እዚህ ግን ሚካኤል አለ፣ ማርያም አለች፣ መድኃኔ ዓለም አለ፣ በዓለ ወልድ አለ፣ ሰንበቶቹ አሉ። ያን ትልቁን ብረት ገዝቼ በዓል በመጣ ቁጥር ቆሞ ሳየው ልቤ ይቃጠል ነበር፤ ልቤ ሲቃጠል ደግሞ አንድ ቀን በዓል እሽር ነበር። ዳልቻው ግን ቢቆም ቆመ ነው። ይህንንም ትራክተር የሚመርጥ ሰው ማሰብ አለበት፤ የሻጭ ወረቀት ላይ አይጻፍም።

ጎሹን አልሸጥኩትም። ጤፍ የሚዘራበት መሬት በከብት ካልተረገጠ እንደማይሆን ታውቃለህ፤ ብረቱ ያለሰልሳል፣ መርገጡ ግን የከብቱ ሥራ ነው። አበረም የራሱን ከብቶች ሊያመጣልኝ ተስማምተናል፤ በምላሹ የብርጓል የሱን የጓሮ መሬት ታርስለታለች። ስለዚህ ወንፈሉ እንዳለ ነው፣ የተለወጠ ነገር የለም። እሱ ራሱ አሁን ሲያልፍ ሲያገድም «እስቲ አንዴ አስይዢኝ» ይላታል። ቀኝ እጁን ወደ ኪሱ ከትቶ እንዳይነሳ ሲታገል አይቼዋለሁ፤ ኪስ ውስጥ ያለ እጅ ደግሞ ምን ይጠቅማል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። የጓሮው ማሳ ታርሷል። የወንዝ ማዶውም ሁለተኛው ዙር ደርሷል። የቀረው ላይኛው ተዳፋት ነው። እሱ ለጎጆ መውጫህ ብዬ የቆረስኩልህ መሬት ነው። እኔ ግቢና እረሺው አልኳት። እህትህ «ለሙከራ የገባሁት ይበቃል፤ የገዳሙ ነው፤ ሳያውቅ ለማረስ አልገባበትም» አለች። አባቷ ነኝ፣ መሬቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ ብዬ ተቆጣሁ። እሷ ግን «ከሰጠኸው የሱ ነው» ብላ ብረቱን አጥፍታ ወደ ቤት ገባች። ይህን ያህል ዘመን የተናገርኩትን ቃል መልሳ ሰጠችኝ። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ስለዚህ ነው።

ስለዚህ ቃልህን ላክ። እሺ ካልክ እሷ ታርሰዋለች፣ ምርቱን እኩል ትካፈላላችሁ፤ ያንተን ድርሻ ሸጠን እንልካለን ወይም መጥተህ ትበላዋለህ። እምቢ ካልክ ለአበረ እሰጠዋለሁ፤ ከሱም የሚደርስህ ያው እኩል ነው። ላንተ ልዩነት የለውም። ልዩነቱ የቀረው ግማሽ በማን ጎተራ እንደሚገባ ነው። እህትህ ምንም አልጠየቀችህም፤ የምጠይቅህ እኔ ነኝ። ገብረ ኪዳን ሲመለስ በሱ ላክ፣ ወይም ደውል፤ በስልክ አንድ ቃል ይበቃል፣ እሺ ወይም እምቢ፤ ሌላውን እኔ አላወራም።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን በደንብ አንብበው። እርሻው አልጠበቀህም ማለት አትምጣ ማለት አይደለም። ስትሄድ ትራክተር ይዤ እመጣለሁ ብለህ ነው የወጣኸው፣ ሰውም ሰምቶሃል። ያን ሳትይዝ መምጣት እንደሚከብድህ አውቃለሁ፤ የኔ ልጅ ነህና። እኔም ብሆን ባዶ እጄን አልመጣም ነበር፣ እዚያው አረጅ ነበር። አሁን ግን ነገሩ አለቀ። ከእንግዲህ ይዘኸው የምትመጣው ነገር የለም፤ ያልከው ነገር ቤት ገብቷል፣ ከጓሮ ቆሟል። ሚስትህንና ልጅህን ብቻ ይዘህ ና። ትራክተር አለን። የጎደለን ትራክተር አይደለም።

ለልጄ ሚስት ለሕሊና ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ቆላው ጠንከር ሲልባት ደጋው ቤቷ መሆኑን አትርሳ። እስከዳርን ግንባሯን ሳምልኝ፤ አያትሽ ድምፅሽን በስልክ ሳይሆን በጆሮው ሊሰማ ይፈልጋል በላት። እናትህ ዘሪቱ ብዙ ሰላም ብላሃለች፤ በርበሬና ሽሮ በገብረ ኪዳን እጅ ልካለች፣ ጆንያውን ደግሞ መልስ ብላለች። አበረ ናፍቄዋለሁ ይልሃል። ቄስ ወልደ ሚካኤል ጾምህን ጠይቀዋል፤ ይጾማል ብያለሁ፣ እንዳታሳፍረኝ። እህትህ የብርጓል ሰላም ብላሃለች፤ ሌላ የምትለው ካለ ጻፊ ብዬ ፈቅጄላት ነበር፣ ሰላም ይበቃል አለች።

አባትህ ፈንታ አድገህ።
ስሜን መጻፍ ስለማልችል አውራ ጣቴን አትሜበታለሁ።

ሉማሜ፣ ምሥራቅ ጎጃም
መጋቢት 18 ቀን 2007 ዓ.ም.